ከአንድ ፎቶግራፍ ስለሚወጣ የመስተዋት ጥለት

በመሥሪያ ቤት «ግልባጭ» የሚለው ቃል ሳይነሣ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ገለበጠ ማለት ቀዳ ማለት ነው፤ አዞረ ማለትም ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው ጥበብ ሁለቱንም ሥራ አስተባብሮ የያዘ ነው።

የስኮትላንዱ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር በ1816 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ካሌይዶስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ። በውስጡ ሁለት መስተዋቶች በ60 ዲግሪ ቢጋጠሙ አንዱ ቁራጭ ስድስት፥ በ45 ዲግሪ ቢጋጠሙ ስምንት ሆኖ ይታያል።

ዛሬ ይህን ሥራ ጊምፕን በመሰለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መፈጸም ይቻላል። የአንድ አሮጌ ቤት በር ፎቶግራፍ አለ እንበል። ግልባጩን አውጡ፤ ግራውን ወደ ቀኝ አዙራችሁ ከዋናው ጎን ግጠሙት። ጥንዱንም እንደገና ቀድታችሁ ላዩን ወደ ታች በመገልበጥ ከሥሩ አጋጥሙት። እያንዳንዱ ጠርዝ ከራሱ አምሳያ ጋር ስለሚገናኝ ስፌቱ አይታወቅም፤ በሩም በርነቱ ቀርቶ ጥለት ይሆናል።

ይሁን እንጂ የሚቆረጥበትን መስመር የሚመርጠው ሰው ነው። መስመሩ ጥቂት ቢዛወር አበባ የነበረው ፊት መስሎ ይታያልና፥ ደጋግሞ መሞከር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ጥለቱን በሌላ ስም አስቀምጡ። በዋናው ስም ላይ ያስቀመጠ ሰው ዋናውን ያጠፋዋል፤ ቤቱ የፈረሰ እንደ ሆነም ሁለተኛ አፈረሰው ማለት ነው። ጥለቱ የዓይን ጌጥ ነው፤ ስለ ነበረው ነገር የሚመሰክረው ግን ዋናው ብቻ ነው። ግልባጭ ቢበዛ ዋናውን እንደማይተካ መዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።