መኪናን ስለ ማስጌጥ፤ ከጪጩ ባጃጅ እስከ አሜሪቃ ባለ ጡንቻ አውቶሞቢል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው የአስፋልት መንገድ ዲላን አልፎ ብዙ ሳይርቅ ጪጩን ያገኛል። አገሩ የጌዴኦ አገር ነው፤ ሕዝቡ ረጅሙን ዛፍ ለጥላ፥ እንሰቱን ለምግብ፥ ቡናውን ለገበያ በአንድ ማሳ አስማምቶ የሚተክልበት ይህ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል። በቡና ለቀማ ወራት ከመንገዱ ዳር ጥቂት ቆመን የሚተላለፈውን ብንመለከት፥ ከጆንያው ይልቅ ዐይናችንን የሚይዘው የተሽከርካሪው ጌጥ ነው። ባጃጁ በፊት መስተዋቱ ላይ ዘርፍ አንጠልጥሎ፥ በጎኑ የቅዱስ ሥዕል ወይም የኳስ ተጫዋች መልክ ለጥፎ፥ በሸራው ላይ ምክር የሚመስል ቃል አጽፎ ይመጣል። አይሱዙውም በጋቢናው ግንባር ላይ እንደ ሠርግ ቤት ብዙ መብራት ደርድሮ፥ ስፖንዳውን በየቀለሙ አሥጊጦ ይከተለዋል።

ይህን አይቶ የሚሥቅ አይጠፋም። እኛ ግን ከመሣቃችን በፊት የአያቶቻችንን በቅሎ እናስታውስ። ባለ ማዕርግ የሚቀመጥባት በቅሎ ባዶዋን አትወጣም ነበር፤ መጣብሩ፥ ግላሱ፥ ድሪው፥ በብር የተለበጠው ልጓም የጌታዋን ማዕርግ ገና ከሩቅ ይናገር ነበር። ፈረስም ስም ነበረው፤ ጌታውም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ይህንኑ የሲዳሞን አገር ብዙ ዘመን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም አባ ነፍሶ መባላቸው ከዚሁ የመጣ ነው። እንግዲህ ዛሬ በባጃጅ ሸራ ላይ የሚጻፈው ስምና ቃል የዚያው ልማድ ታናሽ ወንድም ነው ብንል አልተሳሳትንም። ነገር ግን የድሮ ሰዎች አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ጀርባዋ በቆሰለ በቅሎ ላይ ያማረ ግላስ ቢደረብባት ቁስሉን ይሸፍነው እንደ ሆነ እንጂ አያድነውም፤ ስለዚህ ባልደራሱ መጀመሪያ ጀርባዋንና ኮቴዋን ያይ ነበር፥ ከዚያ በኋላ መጣብሩን ያወርዳል።

ይህ የግላስና የቁስል ነገር በሌላው ዓለምም ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ሆኖአል። በአሜሪቃ አገር «ባለ ጡንቻ» የተባሉት አውቶሞቢሎች የተነሡት በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ነው። በ1964 የፖንቲያክ ፋብሪካ መካከለኛ በሆነ መኪና ውስጥ 6.4 ሊትር ያለውን ትልቅ ሞተር አግብቶ ጂ.ቲ.ኦ. ብሎ ሸጠ፤ ጉልበቱም 325 ፈረስ ነበር። ጪጩ ላይ የምናየው ባጃጅ የ10 ፈረስ ያህል ጉልበት እንዳለው ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፎርድ በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሙስታንግን አሳየ፤ ቃሉ የዱር ፈረስ ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የመጣው የዶጅ ቻርጀር ደግሞ ስሙ የጦር ፈረስ ነው። አሜሪቃኖችም እንደኛ አገር ሰው ከፈረስ ስም አልራቁም።

ጉልበቱ በኮፈኑ ሥር የተሰወረ ስለ ሆነ፥ ለተመልካች የሚገለጥበት መንገድ ተፈለገለት። በኮፈኑ ላይ አየር የሚስብ አፍ ከፈቱ። ከፊት እስከ ኋላ ሁለት ወፍራም ሰንበር አሰመሩ፤ ይህ በሩጫ ሜዳ የአሜሪቃ መኪኖች መለያ የነበረ ነው፤ በ1965 የወጣው የሼልቢ ሙስታንግ በነጭ ላይ ሰማያዊ ሰንበር አድርጎ ወደ ተራው መንገድ አወጣው። በኋላው ላይ መኪናው በፍጥነት ሲሮጥ ነፋሱ ወደ መሬት እንዲጫነው ክንፍ ተከሉ። ቀለሙም እንደ ብርቱካን፥ እንደ ሎሚ፥ እንደ ወይን የሚጮህ ሆነ፤ አንዱን ሐምራዊ ቀለም «ያበደ ፕለም» ብለው እስከ መሰየም ደርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለሥራ የተደረገው አለ፥ ለመምሰል ብቻ የተደረገውም አለ። የመጀመሪያው ጂ.ቲ.ኦ. በኮፈኑ ላይ የተደረጉለት ሁለት አፎች የተደፈኑ ነበሩ፤ አንዲት ትንፋሽ እንኳ ወደ ሞተሩ አያስገቡም ነበር። በ1970 የወጣው የፕሊመዝ ሱፐርበርድ ግን ተቃራኒው ነው። ሹል አፍንጫውና ከኋላው እንደ በር መቃን ከፍ ብሎ የቆመው ክንፉ ለሩጫ በእውነት የሚሠሩ ነበሩ። የሩጫው ሕግ መኪናው ለሕዝብም እንዲሸጥ ያስገድድ ስለ ነበር 1,900 የሚያህሉ ተሠሩ። ለሩጫ ያማረው ክንፍ ግን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ገበያ ለሚሄድ ሰው አስቂኝ ሆነበት፤ መኪኖቹም በየሻጩ ደጅ ቆመው ቀሩ። አንዳንዶቹ ሻጮች አፍንጫውን ፈትተው ክንፉን ነቅለው ተራ መኪና አድርገው ሸጡት። ዛሬ በትልቁ ሞተር ከተሠሩት ከነክንፋቸው ከተገኙት ሱፐርበርዶች መካከል ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠ አለ። ክንፉን የነቀለው ሻጭ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

የእነዚያ መኪኖች ዘመን አጭር ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር ያን ሁሉ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር የሚፈልገው ሰው አነሰ። ያው ንረት ወደ አገራችንም ደርሶ፥ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጪጩ እንመለስና አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። አባት የቡናውን ገንዘብ፥ እናት የዕቁቧን ዕጣ አዋጥተው፥ የጎደለውን ተበድረው ለልጃቸው ባጃጅ ገዙለት። ልጁ ሥራውን በጀመረ በስድስት ወሩ ሸራው እንዲለወጥ፥ ሥዕል እንዲለጠፍ፥ በፊት ነጭ መብራት እንዲጨመር፥ ድምፁ ዲላ ድረስ የሚሰማ ክላክስ እንዲገባለት ጠየቀ። «አባባ፥ ጌጥ የሌለውን ባጃጅ ሰው አይሳፈርበትም» ይላል። አባትየውም «ዕዳው ሳያልቅ ዘርፍ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ይቆጣሉ። እናትየዋም በመካከል ሆና የሁለቱንም ልብ ታያለች። እንዲህ ያለ ክርክር የሚነሣው በአንድ ቤት ብቻ አይመስለንም፤ መኪና ባለበት ቤት ሁሉ፥ በከተማም በጌቶችም ዘንድ፥ ቅርጹን እየለወጠ ይነሣል።

በእኛ አስተያየት ልጁ በከንቱ አልጠየቀም። ቀኑን ሙሉ በዚያች ጠባብ ወንበር ላይ የሚውል ወጣት የተቀመጠበትን ቢወድ ያጥበዋል፥ ይጠብቀዋል፤ ተሳፋሪም የታጠበውን ይመርጣል። ስለዚህ ሥዕሉንና ቃሉን ይለጥፍ። በፊት መስተዋቱ ላይ ግን አይለጥፍ፤ በዚያ መንገድ ዳር ተማሪዎች በእግራቸው ይሄዳሉ፥ ጆንያ የተሸከሙ እናቶችም ይሄዳሉ፤ መንደሩም እጅግ ብዙ ሰው ያለበት ነው፤ በአንድ ዘርፍ ስፋት የተሰወረ ሕፃን ከዘርፉ ወዲያ የለም ማለት አይደለም። ነጩ መብራት ደግሞ ለባለቤቱ ያሳየው ይመስለዋል እንጂ ከፊቱ የሚመጣውን ያሳውራል፤ በዝናብና በጉም ጊዜ በአቀበቱ ጥምዝ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ መብራቶች ቢገናኙ ሁለቱም አያዩም። ክላክሱንማ ለጎረቤት እንቅልፍ ብለን እናልፈዋለን።

አባትየውም ቢሆኑ ሁሉን ነገር «አይሆንም» ከማለት ይልቅ ጎማውን አንሥተው ቢያሳዩት ይሻላቸው ነበር። ጥርሱ ያለቀ ጎማ፥ የላላ ፍሬን፥ የማይበራ ፍሬቻ፥ የተሰነጠቀ ስፖኪዮ፤ ቁስሉ ይህ ነው፤ ግላሱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። የሰውነቱን ቀለም ጨርሶ ለመለወጥ ያሰበ እንደ ሆነ ደግሞ ቀለሙ በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለ ሆነ አስቀድሞ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባዋል፤ ሳያስታውቅ ቀብቶ በየኬላው ከመከራከር ይህ ይቀላል።

ከአባት የተወረሰ አሮጌ አውቶሞቢል በግቢያቸው ያቆሙ አንባቢዎቻችንም አሉ። ቮልስ ይሁን፥ አሮጌ ፊያት ይሁን፥ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ አሮጌዎች በዐይን የሚታዩ ሆነዋል። ወጣቱ ወራሽ ኮፈኑን ሊቀድ፥ ፓራውልቱን ሊጥል፥ ሰፊ ቸርኬ ሊያገባ ይመኛል። (የመኪናው ክፍል ስም ብዙው ጣሊያንኛ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ባለ እጆቻችን ሥራውንና ቃሉን አብረው ተምረውታል።) እኛ የምንለው ሰንበር ማስመር ይቻላል፥ ቀለም ይታደሳል፥ ቸርኬም ይለወጣል፤ እነዚህ ቢጸጸቱበት ይመለሳሉ። ላሜራ ከተቆረጠ ግን አይመለስም። የወለቀውም ሁሉ፥ ጥርብ ኮፓ ቢሆን፥ የኒኬል ፊደል ቢሆን፥ በጨርቅ ተጠቅሎ በሣጥን ይቀመጥ፤ የሱፐርበርዱን ክንፍ ማስታወስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቀለም ቀቢው የዛገውን ሳይቆርጥ በስቱኮ ደፍኖ ቢቀባው ለአንድ ክረምት ያምራል፤ በሁለተኛው ክረምት ዝገቱ እንደ ኩፍኝ ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ባለቤቱ መኪናው ወደ ቀለም ቤት ከመግባቱ በፊት ላሜራ ሠሪው የሠራውን ባዶውን፥ ገና ሳይቀባ፥ ሄዶ በዐይኑ ቢያይ፥ በጣቱም ቢያንኳኳ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የጪጩውን ቤተ ሰብ ነገር ሳንጨርስ አንተወውም። እናትየዋ የሁለቱን ክርክር ሰምታ ስታበቃ፥ ከቀጣዩ የዕቁብ ተራ ሁለት ጎማ እንዲገዛ፥ ከተረፈው ልጁ የወደደውን እንዲለጥፍ ትፈርድ ይሆናል። ልጁም ሥዕሉን በጎኑ ላይ አድርጎ፥ በኋላው ግን ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራውን ቀይና ነጭ ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር ይለጥፋል። በመሸ ጊዜ ከዲላ በኩል ቡና ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ መብራቱን ሲጥልበት ያ ጥብጣብ ከጉሙ ውስጥ ቦግ ይላል፤ አባትየውም ከቡና ማስጫው አልጋ አጠገብ ቆመው ቀዩ መስመር ጥምዙን አልፎ እስኪጠፋ ድረስ ያዩታል።