ሩጫን በምስል ለማስቀረት፦ የዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካሜራ አመራረጥና ግዢ

ፎቶግራፍ ማንሳት ማለት ብርሃንን ለተወሰነ ጊዜ መሰብሰብ ማለት ነው። ተራራን ወይም ሕንፃን የሚያነሳ ሰው ይህን ጊዜ እንደ ልቡ ሊያስረዝመው ይችላል። ሯጭን፣ ኳስ ተጫዋችን ወይም ፈረሰኛን የሚያነሳ ሰው ግን በሰከንድ አንድ ሺህኛ ውስጥ በቂ ብርሃን መሰብሰብ ይጠበቅበታል። ለስፖርት የሚሆን ካሜራ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፤ ዋጋው የሚንረውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁንና ብዙ ገዢዎች ለረጅም ጊዜ ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሚያፈሱት በሌላ ነገር፣ በተለይም በፒክስል ብዛት ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ፊዚክስ ስለ ምርጫው ምን እንደሚለን፣ ቀጥሎም በግዢ ጊዜ ምን ምን መመርመር እንዳለብን እንመለከታለን።

ሯጩ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል?

አትሌት ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 በኔዘርላንድስ ሄንግሎ ከተማ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ርቀቱን ለጊዜው ብናካፍለው አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.6 ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ የካሜራው መዝጊያ (ሸተር) ለ1/60 ሰከንድ ክፍት ቢሆን ሯጩ በዚያ ጊዜ ውስጥ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ለ1/250 ሰከንድ ቢሆን 2.6 ሴንቲ ሜትር፣ ለ1/1000 ሰከንድ ቢሆን ደግሞ 6.6 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። የእግሩ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። መሬት የረገጠው እግር ለቅጽበት የቆመ በመሆኑ፣ በአየር ላይ ያለው እግር ወደ ኋላ እንዳይቀር ከሰውነቱ ፈጥኖ መሄድ አለበት። ስለዚህ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ የረገጠው እግር ጥርት ብሎ፣ የተነሳው ደብዝዞ ብናይ ሊገርመን አይገባም።

አሁን ይህን 6.6 ሚሊ ሜትር ወደ ካሜራው ውስጥ እናስገባው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኒኮን ዲ 500 የብርሃን ሴንሰሩ 23.5 በ15.7 ሚሊ ሜትር ነው። በረጅሙ ጎን 5,568 ፒክስሎች ስለተደረደሩ የአንዱ ስፋት 4.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው። ካሜራውን በቁመት ይዘን፣ 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው በሴንሰሩ ላይ 20 ሚሊ ሜትር እንዲይዝ አደረግን እንበል። ምስሉ ከአካሉ 87.5 ጊዜ ያንሳል። በፊታችን አቋርጦ የሚሮጠው ሰው እንግዲህ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ በሴንሰሩ ላይ 75 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም 18 ፒክስል ያህል ይንሸራተታል። የዚህ ካሜራ ፒክስሎች 21 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ቁጥሩን ወደ 40 ሚሊዮን ብናሳድገው ያው ብዥታ በብዙ ፒክስሎች ላይ ይበተናል እንጂ ምስሉ አይጠራም። ለፒክስል የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ በዚህ ሥራ ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ብዥታውን ለመቀነስ ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ካሜራውን ከሯጩ ጋር እኩል እያዞሩ ማንሳት ነው፤ ሁለተኛው ሯጩ ወደ እኛ በሚመጣበት ቦታ መቆም ነው። ሦስተኛው መንገድ መዝጊያው ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ ይበልጥ ማሳጠር ነው። ለዚህ ግን ብርሃን ያስፈልጋል።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

በሌንሶች ላይ የሚጻፈው የኤፍ ቁጥር የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል የሚገኝ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለው ደግሞ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚመዘግብ የሚያመለክት ነው። ፎቶግራፍ አንሺዎች ከፊልም ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ደንብ አለ፤ በጠራ ፀሐይ በኤፍ 16 የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ሲካፈል ለአይ.ኤስ.ኦ. ቁጥሩ ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 400 ቢሆን ጊዜው 1/400 ሰከንድ ይሆናል። ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 5.6 ስንሄድ ብርሃኑ 8 እጥፍ ስለሚሆን ጊዜው ወደ 1/3200 ሰከንድ ያጥራል። በቀን ፀሐይ የጎዳና ላይ ሩጫ ለሚያነሳ ሰው፣ ኤፍ 5.6 የሆነ ርካሽ ሌንስ ይበቃዋል ማለት ነው።

አዳራሽ ውስጥ ስንገባ ሁኔታው ይለወጣል። ቀጥተኛ የቀን ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ሲሆን፣ ደህና መብራት ያለው አዳራሽ 500 ሉክስ ያህል ቢኖረው ልዩነቱ 200 እጥፍ ነው። ያ 1/3200 ሰከንድ ወደ 1/16 ሰከንድ ይረዝማል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሯጩ 41 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ብንጠቀም የቀዳዳው ዲያሜትር እጥፍ፣ ስፋቱም አራት እጥፍ ስለሚሆን ወደ 1/64 ሰከንድ እንመለሳለን። አይ.ኤስ.ኦ.ውን ወደ 6400 ብናወጣው ጊዜው ከ1/1000 ሰከንድ ያጥራል።

ሁለቱም ዋጋ አላቸው። 300 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ ኤፍ 2.8 እንዲሆን የብርሃን መግቢያው 107 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት። እንዲህ ያለ ሌንስ የሚከብደውና የሚወደደው በዚህ የተነሳ ነው። አይ.ኤስ.ኦ.ን ማውጣት ደግሞ ብርሃንን አይጨምርም፤ ያለውን ያጎላል እንጂ። ፎቶኖች ወደ ሴንሰሩ የሚደርሱት በዕድል ስለሆነ 10,000 ፎቶኖች ሲቆጠሩ የመዋዠቁ መጠን የቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 100 ነው፤ ይህም 1 በመቶ ነው። 100 ፎቶኖች ብቻ ሲደርሱ ግን መዋዠቁ 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል። በጨለማ የተነሱ ምስሎች ላይ የምናየው ነጠብጣብ (ኖይዝ) በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ፈጣን ካሜራ የምንለው የትኛውን ነው?

በዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካሜራ ውስጥ፣ በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወት ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ከፊሉ በሌላ ትንሽ መስታወት አማካይነት ወደ ትኩረት መለኪያው ይላካል። መለኪያው ከሌንሱ ሁለት ዳርቻዎች የመጡትን ምስሎች አነጻጽሮ ትኩረቱ በየትኛው አቅጣጫና ምን ያህል እንደሳተ ያሰላል። ለስፖርት የሚያስፈልገው ይህን ሥራ ያለማቋረጥ የሚያከናውን ስልት ነው። ካነን ኤ.አይ. ሰርቮ፣ ኒኮን ኤ.ኤፍ.-ሲ ይሉታል። ኒኮን ዲ 500 እና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ካነን 7ዲ ማርክ 2 በዚህ በኩል ጠንካሮች ናቸው፤ ሁለቱም በሰከንድ እስከ 10 ምስሎች ያነሳሉ።

ይሁን እንጂ 10 ቁጥሩ አያታለን። ምስሎቹ እያንዳንዳቸው 1/1000 ሰከንድ ቢወስዱ፣ ከአንዱ ሰከንድ ውስጥ የተመዘገበው 1 በመቶ ብቻ ነው። በሁለት ምስሎች መካከል ሯጩ 66 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ጨዋታውን አውቆ ቅጽበቱን መጠበቅን የሚተካ መሣሪያ የለም።

አዳራሽ ውስጥ ለሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ሄርትዝ በመሆኑ፣ የብዙ አምፖሎች ብርሃን በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። በ1/1000 ሰከንድ በተከታታይ ስናነሳ አንዱ ምስል ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ ሊሆን ይችላል። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ካሜራዎች ይህን ለይተው መዝጊያውን ብርሃኑ ከፍ ሲል የሚከፍቱበት ስልት አላቸው።

ከመክፈላችን በፊት

ካነንና ኒኮን የመጨረሻዎቹን ታላላቅ የስፖርት ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ካሜራዎቻቸውን፣ 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 እና ዲ 6ን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ካወጡ በኋላ ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባ ካሜራዎች አዙረዋል። በመሆኑም ዛሬ በተማሪ አቅም የሚገኘው የስፖርት ዲ.ኤስ.ኤል.አር. ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ነው። ዋጋው ይቀንስ እንጂ የብርሃኑ ስሌት አልተለወጠም። ያገለገለ ዕቃ ግን ምርመራ ይፈልጋል።

አንደኛ፣ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደሠራ እንጠይቅ። የዲ 500 እና የ7ዲ ማርክ 2 መዝጊያዎች እስከ 200,000 ጊዜ ድረስ ተፈትነዋል። ብዙ ይመስላል፤ በሰከንድ 10 ምስል ለሚያነሳ ሰው ግን ያልተቋረጠ የ5 ሰዓት ተኩል ሥራ ብቻ ነው። በብዙ የኒኮን ካሜራዎች ቁጥሩ በምስሉ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ለካነን ብዙውን ጊዜ ካሜራውን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሴንሰሩን እንመርምር። በኤፍ 22 ነጭ ግድግዳ ብናነሳ ቆሻሻ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ክዳን ዘግተን ለጥቂት ሰከንዶች ብናነሳ ደግሞ የተበላሹ ፒክስሎች እንደ ከዋክብት ያበራሉ።

ሦስተኛ፣ በሌንሱ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርተን እንመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየን ሻጋታ ሊሆን ስለሚችል ባንገዛው ይሻላል።

አራተኛ፣ የራሳችንን ኤስ.ዲ. ካርድ ይዘን እንሂድ። ጓደኛችን ወደ እኛ እየሮጠ ሲመጣ በተከታታይ ትኩረት 20 ያህል ምስሎች አንስተን፣ በኮምፒዩተር አጉልተን እንያቸው። ቆሞ የተነሳ ሰው ምስል ጥርት ማለቱ ስለዚህ ችሎታ የሚነግረን ነገር የለም።

አምስተኛ፣ በካሜራው አካል፣ በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን እናረጋግጥ። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም ሻጩ የት እንደገዛው መናገር ካልፈለገ የተሰረቀ ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፣ ዕቃውን ሳናይ ቀብድ አንክፈል። ርክክቡም በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን። ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ ዋጋ ሲጠራልን ምክንያቱን መጠየቅ አለብን። ባትሪውና ቻርጀሩ በዋጋው ውስጥ መካተታቸውንም አስቀድመን እንወቅ፤ እነዚህን ነጥለው በውድ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ።

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ አዲስ ካሜራ የሚልክልን ከሆነ ዋስትናው የሚሠራው በየትኛው አገር እንደሆነ፣ ቀረጡም ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የስም ልዩነት ግን አያስደንግጠን። ካነን 850ዲ በአሜሪካ ሬቤል ቲ8አይ፣ በጃፓን ኪስ ኤክስ10አይ ተብሎ የሚሸጠው ያው ካሜራ ነው።

ለማጠቃለል፣ በቀን ፀሐይ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ተከታታይ ትኩረት ያለው ያገለገለ ካሜራና ኤፍ 5.6 ሌንስ ይበቃዋል። አዳራሽ ውስጥ ወይም ማታ የሚሠራ ሰው በአንጻሩ ከካሜራው አካል ቀንሶ ገንዘቡን በኤፍ 2.8 ሌንስ ላይ ቢያውል ይጠቀማል። ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ምን ዓይነት ስፖርት፣ በየትኛው ብርሃን፣ ከምን ያህል ርቀት እንደምናነሳ በወረቀት ላይ ጽፈን ስሌቱን ብንሠራ፣ ሻጩ ስለ ፒክስል ብዛት ሲነግረን ምን መጠየቅ እንዳለብን እናውቃለን።