መጀመሪያ ካርድ፣ ከዚያ ኳስ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2011 ማታ፣ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ክለቦችና ተጫዋቾች በውል ባለመስማማታቸው ሊጉ ተዘግቶ ሳለ፣ የሊጉ ኮከብ ኬቪን ዱራንት ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የሰፈር ሜዳ ሄደ። ሜዳው 155ኛው መንገድ ላይ ነው፤ ዙሪያውን አጥር፣ ከበላዩ ሰማይ ብቻ። ዱራንት ሦስት ነጥብ ላይ ሦስት ነጥብ ሲደራርብ ሕዝቡ መቀመጥ አቃተው፤ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ከበበው። ያን ማታ ብቻውን 66 ነጥብ አስቆጠረ። ቪዲዮውን ዛሬም ሰው እየፈለገ ያየዋል።

ሜዳው “ራከር ፓርክ” ይባላል። ስሙን የሰጠው ሰው ግን ዝነኛ ተጫዋች አልነበረም፤ የመናፈሻ ሠራተኛና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር።

ሆልኮምብ ራከር በ1926 ሃርለም ባለበት ማንሃተን ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ከተመለሰ በኋላ የከተማው ፓርኮች መሥሪያ ቤት የሃርለም መጫወቻ ሜዳዎች ኃላፊ አድርጎ አሠራው። ከ1948 እስከ 1964 በዚሁ ሥራ ቆየ። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ኳስ አድሎ፣ ጠብ ገላግሎ፣ ሲመሽ በር ዘግቶ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም። ራከር ግን በየክረምቱ አንድ ነገር ያሳስበው ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጠባብ አፓርታማ ውስጥ የታፈኑት ልጆች መንገድ ላይ ይውላሉ፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሄሮይን እየገባ ነበር።

በ1950 ውድድር ጀመረ። ቦታው ዛሬ የምናውቀው ሜዳ ሳይሆን ወደ ደቡብ፣ 128ኛው መንገድ አካባቢ ነበር። ቡድኖቹ አራት ሲሆኑ ዳኛው አንድ ነበር፤ ፊሽካውን የያዘውም ራሱ ራከር ነው።

ኳሱ ማጥመጃ ነበር ማለት ይቻላል። ራከር ልጆቹን ካርድ ያስመጣ ነበር፤ እኛም ቤት ወላጅ በሰኔ በጉጉት ወይም በፍርሃት የሚጠብቀውን ያንኑ የትምህርት ውጤት ካርድ። ውጤቱ የወደቀ ልጅ ጠጋ ብሎ የሚያስጠናው አላጣም። የፕሮግራሙ መፈክር በአማርኛ “እያንዳንዱ አንድ ሰው ያስተምር” እንደማለት ነው። “የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር” የሚለውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጥሪ ለሚያስታውስ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። መፈክሩ በራከር ሜዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ አልነበረም። ከፍ ያለው ተጫዋች ትንሹን ያሠለጥናል፤ ትንሹ ሲያድግ ደግሞ ተራው ነው።

ራሱም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። እየሠራ በሲቲ ኮሌጅ ተምሮ ዲግሪውን ያዘ፤ ከዚያም ሃርለም በሚገኘው 139ኛው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማረ። ይህ ደራሲው ጀምስ ባልድዊን በልጅነቱ የተማረበት፣ ገጣሚው ካውንቲ ከለንም ያስተማረበት ትምህርት ቤት ነው። አሰልጣኝ ሲባል ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚጮህ ሰው ብቻ ለሚታየን፣ ሰዋስው የሚያርም አሰልጣኝ ማሰብ ትንሽ ያስቸግረናል።

ውድድሩ እያደገ ሲሄድ ኮሌጅ የገቡትና በሙያው የሚከፈላቸው ተጫዋቾችም በክረምት እየመጡ ይጫወቱ ጀመር። የኤንቢኤው ኮከብ ዊልት ቻምበርሌይን ሳይቀር እዚያ ተጫውቷል። የሰፈሩ ልጅ በጋዜጣ የሚያየውን ግዙፍ ሰው ያለ ቲኬት፣ በጥቂት ሜትር ርቀት አየው። ራከር በበኩሉ ልጆቹን ከኮሌጆች ጋር ማገናኘቱን ተያያዘው። በእሱ ድጋፍ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ያገኙት ወጣቶች ከ700 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። በእኔ ግምት ከዱራንት 66 ነጥብ ይልቅ መቆጠር ያለበት ይህ ነው፤ ግን ለዚህ ቪዲዮ የለውም።

ራከር በ1965 አርባ ዓመት ሳይሞላው በካንሰር ሞተ። ውድድሩ አብሮት አልተቀበረም። በእሱ እጅ ያደጉት ቦብ መከላና ፍሬድ ክሮፎርድ ተረክበው በራከር ስም ሰየሙት። ሁለቱም በኳስ ኮሌጅ የገቡ ናቸው፤ ክሮፎርድ እስከ ኤንቢኤው ክለብ ኒው ዮርክ ኒክስ ደርሷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታላቁ ተጫዋች ጁሊየስ ኧርቪንግ ሲጫወት ሜዳው አልበቃ ብሎ ሰው ዛፍ ላይና ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰውዬ በየጊዜው አዲስ ቅጽል ስም ሲያወጣለት የሰለቸው ኧርቪንግ፣ ስም ካስፈለገ “ዶክተር” በሉኝ አለ። ዓለም “ዶክተር ጄ” እያለ የሚጠራበት ስም የታወጀው እዚያ ነው። የ155ኛው መንገድ ሜዳ ደግሞ በ1974 በራከር ስም ተሰየመ፤ እሱ ካረፈ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። በ1980ዎቹ ግሬግ ማሪየስ የተባለ ራፐር ሌላ የክረምት ውድድር አቋቁሞ ሙዚቃውንና ኳሱን አደባለቃቸው። ዱራንት የተጫወተው በዚህኛው ነው።

ሁሉም ልጅ ግን አልዳነም። ኧርል ማኒጎልት ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ገደማ ቢሆንም ዝላዩ ተረት ሆኖ ቀርቷል፤ ቅርጫቱ ከተሰቀለበት ቦርድ ጫፍ ላይ ሳንቲም ያነሳ ነበር የሚሉ አሉ። ቅጽል ስሙ “ጎት” ነው፤ ፍየል ማለት። በአገራችን ሰውን ፍየል ብሎ መጥራት ጠብ ያስነሳል፤ እሱ ግን የአባቱ ስም ሲጠራ እየተጣመመ የመጣ ስም ስለነበር በኩራት ተሸከመው። ማኒጎልት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲባረር በር ያንኳኳለት ራከር ነው፤ ሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ሎሪንበርግ ትምህርት ቤት አስገባው። ከዚያ ኮሌጅ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ትቶ ወደ ሃርለም ተመለሰ። ሄሮይን ያዘው፤ እስር ቤት ገብቶ ወጣ። ኤንቢኤ ውስጥ አንድም ቀን አልተጫወተም። የኤንቢኤው ኮከብ ካሪም አብዱል ጀባር በ1989 ከጨዋታ ሲሰናበት አብረውት ወይም በተቃራኒው ከተጫወቱት ሁሉ ማን ይበልጣል ተብሎ ሲጠየቅ የጠራው ግን ማኒጎልትን ነበር።

ማኒጎልት ከሱሱ ከተላቀቀ በኋላ ያደረገው ነገር ራከርን ያስታውሳል። አምስተርዳም አቬኑ ላይ፣ 99ኛው መንገድ አካባቢ ባለ ሜዳ፣ ለሰፈሩ ልጆች የክረምት ውድድር አዘጋጀ። ስሙን “ከዕፅ ራቁ” አለው። በ1998 ሲሞት ልጆቹ ያኔም እየተጫወቱ ነበር፤ ሜዳውንም የሰፈሩ ሰው “የጎት ፓርክ” ይለዋል።