ከሠራዊት ወደ ኤም.ቢ.ኤ.፦ መቼ? እንዴት?



መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ ቤተሰብ ልጁን ከሠራዊት ሲቀበል ደስታው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን «እንግዲህ ምን ልትሠራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አባት ሱቁን ያሳያሉ። ልጅ ግን የመሰናበቻ ገንዘቡን ይዞ ኤም.ቢ.ኤ.፣ ማለትም የንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ፣ መማር ይሻል። ዕውቀት መሻት ዒባዳ ነውና ሐሳቡ መልካም ነው። የሚያስጨንቀው ጊዜውና መንገዱ ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ ደብተር መመለስ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሰዋል። ከታጋዮቹ ወገን ደግሞ የሕክምና ትምህርታቸውን አቋርጠው በረሃ የወጡት አቶ መለስ ዜናዊ፣ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1995 ኤም.ቢ.ኤ. አግኝተዋል። ስለ ፖለቲካቸው ሁሉም የየራሱ አስተያየት አለው። ባለ ሥልጣን ያገኘውን ምቾትም ተሰናባች ወታደር አያገኝም። ቁም ነገሩ ግን ሥራ ላይ ሆነው መማራቸው ነው።

መቼ?

ምክራችን፣ ከተቻለ አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ ነው። ወታደር ሰዓት ማክበርን፣ ስንቅ ማደራጀትን፣ ሰው መምራትን ያውቃል። ይሁንና ጦር ሰፈር ውስጥ ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ገበያ ላይ ደንበኛ አይታዘዝም። ዓብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ወደ መዲና ሲሰደዱ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን እኩሌታ ሊያካፍሏቸው ጠየቋቸው። እርሳቸው ግን አመስግነው፣ ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳዩአቸው ብቻ ለመኑ። የጀመሩትም በአይብና በቅቤ ነበር። የእስቴን የእህል ገበያ ዓመት የሠራበት ወጣት ክፍል ሲገባ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይገባል።

እንዴት?

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው ከእርሱ ይጀምር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለሁለተኛ ዲግሪ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ሳይለቁ በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በርቀት መማር ለባለ ትዳር ይሻላል። ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ በመጀመሪያ እዚያ ይጠየቅ። የግል ተቋም ከሆነ ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይከፈል።

ሦስተኛ፣ የመሰናበቻው ገንዘብ ሁሉ ለትምህርት አይዋል። ከፊሉ ለቤት ወጪ፣ ከፊሉ ለሥራ መነሻ ይቀመጥ። ጎደለ ተብሎም ወደ ወለድ ብድር አይኬድ።

«ክፍል ውስጥ የወለድ ስሌት ይማራል፤ እንዴት ይሆናል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ወለድን ማወቅና በወለድ መነገድ አንድ አይደሉም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን ታየ። እንዲህ ያሉ ተቋማት ሙራበሓንም ሒሳብ መዝገብንም አጣምሮ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ።

በመጨረሻ፣ ወንድሜ ሆይ! ባለቤትህ አንተ ግዳጅ ላይ ሳለህ ዓመታት ቤቱን ብቻዋን ይዛ ኖራለች። ሌላ ሁለት ዓመት ከእርሷ የምትወስድ ከሆነ አስቀድመህ አማክራት። ወላጆችህንም ስማ። ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግደህ ኢስቲኻራ አድርግና በአላህ ላይ ተመክተህ ተነሣ።

ወላሁ አዕለም።