«ተፈጥሯዊ» ወይስ «ልደታዊ»?

ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ሁለት ወገን ነው። አንዱ ከልደት ጀምሮ ያለና ባዕድ ነገር ሲገባ ፈጥኖ የሚነሣ ነው፤ ሁለተኛው አንዱን ጠላት ከሌላው ለይቶ ዐውቆ የሚያስታውስ ነው። ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የፊተኛውን «ተፈጥሯዊ መከላከያ» ይሉታል። ሆኖም ታሞ በመዳን የሚገኘውም ኃይል፣ ከክትባት ለመለየት ሲባል፣ በዚሁ ቃል ይጠራል።

የመደናገሩ ጉዳት በቆዳ ካንሰር ሕክምና ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ወደ ውስጥ ላልዘለቀ ቤዛል ሴል ካርሲኖማ የተፈቀደው ኢሚኪሞድ የተባለ ቅባት፣ በሕዋሳት ውስጥ ያለውን ቶል መሰል ተቀባይ 7 ቀስቅሶ የፊተኛውን መከላከያ በነቀርሳው ላይ ያስነሣል። በዚህም ቆዳው ይቀላል፤ ይቆጣል። ይህ «በተፈጥሯዊ መከላከያ ማከም» ተብሎ ሲተረጐም፣ ሕመምተኛው «ያለ መድኃኒት በራሱ ይድናል» ብሎ ሊረዳውና ቆዳው ሲቆጣ ቅባቱን ሊተወው ይችላል።

ስለዚህ ለፊተኛው «ልደታዊ መከላከያ» የሚለው ስያሜ ይሻላል፤ መነሻውን ብቻ ይናገራልና። ለኋለኛው «ልምዳዊ» ማለት «የልምድ ሐኪም» የሚለውን ስለሚያስታውስ አይመችም፤ ማስታወሱን የሚገልጸው «ዘካሪ መከላከያ» ይመረጣል።