ጆሮን በቪታሚን ማዳን ይቻላል እንዴ?

ኬሞ ላይ ያለ ጓደኛ ወይም ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ይህቺን ጽሑፍ አንብባችሁ አቀብሉት።

የማውቀው አንድ ወጣት የዘር ፍሬ ካንሰር ተገኝቶበት ሕክምና ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ጆሮው ውስጥ «ሲ...» የሚል ድምፅ አላስተኛ አለው። አሜሪካ ያለች እህቱ ቪታሚን ኢ በብልቃጥ ላከችለት፤ እሱም ለሐኪሙ ትንፍሽ ሳይል ይውጠው ገባ። ምነው ደበቅክ ብለው «ኬሞውን ቢያቋርጡብኝስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያስፈራል!

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ። መድኃኒቱ ሲስፕላቲን ይባላል፤ ከፕላቲነም የሚሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተፈቀደ ወዲህ የዚህ ካንሰር ሕሙማን የሆኑ ብዙ ወጣቶችን ከሞት አፍ አውጥቷል። ዳሩ ግን ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳትን ይገድላል። እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ሰውየው ቶሎ አይታወቀውም። «ምን አልክ? ምን አልክ?» ማብዛት ሲጀምር ነው ጉዱ የሚወጣው።

ታዲያ ቪታሚኑስ? ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በእንስሳትና በጥቂት ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቷል። ነገር ግን «ይህን ውሰድ፣ ጆሮህ ይድናል» የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለም። ደግሞስ ለጆሮው ጋሻ የሆነው ለካንሰሩም ጋሻ ቢሆንስ? ሐኪሞች ቪታሚን በድብቅ አትውሰዱ የሚሉት ለዚህ ነው።

ጥሩ ውጤት ያሳየው ሌላ ነው፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ የጉበት ካንሰር ካለባቸው ልጆች መካከል ሲስፕላቲን ብቻ ከወሰዱት 63 በመቶዎቹ የመስማት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ይህን ከጨመሩት ግን 33 በመቶዎቹ ናቸው የተጎዱት። የሚሰጠው ሲስፕላቲኑ ካለቀ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ካንሰሩን ይምታ ነው ነገሩ። አሜሪካ በ2022 የፈቀደችው ግን ካንሰሩ ላልተሰራጨባቸው ልጆች ነው።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው። ብልቃጡን ይዘህ ሐኪምህ ዘንድ ሂድ፣ የጆሮህንም ጩኸት ንገረው። የመስማት ምርመራ ይታዘዝልህ። ሌላ ቦታ ጀንታማይሲን መርፌ ሊወጉህ ቢነሱ ሲስፕላቲን ላይ መሆንህን አስቀድመህ ተናገር፤ እሱም ጆሮ ይጎዳል። ያንን የጆሮ ማዳመጫህንም እባክህ ቀንሰው።