የገጠር መስጂዶችን ሳይፈርሱ መለካት

ከመካነ ሰላም ወደ ቦረና ገጠሮች ስንዘልቅ የቀድሞዎቹ መስጂዶች ሣር ክዳን በቆርቆሮ፣ የጭቃ ግድግዳቸውም በብሎኬት ሲተካ እናያለን። ጀመዓውን አንወቅስም፤ ሣር በየጊዜው መታደስ አለበት። የሚቆጨን አሮጌው ሳይለካ መፍረሱ ነው።

በፎቶግራሜትሪ ሕንፃው ከየአቅጣጫው፣ ምስሎቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ ይነሣል፤ ኮምፒዩተርም የጋራ ነጥቦቻቸውን አዛምዶ ቅርጹን ያወጣል። ምስል ብቻውን ግን መጠን አይነግርም፤ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ወይም በቶታል ስቴሽን የተያዙ ነጥቦች ያሻሉ። በኖራ የተቀባ ልሙጥ ግድግዳም የሚዛመድ ነጥብ ይነፍገዋል። በክብ መስጂድ ውስጥ ደግሞ ጨለማ አለ፤ ምሰሶ ምሰሶን ይጋርዳል። ሌዘር ስካነር የራሱን ጨረር ስለሚልክ ጨለማው አያግደውም፤ ግርዶሹን ለማለፍ ግን ቦታ እየቀያየሩ መትከል ግድ ነው። የሚህራቡ አቅጣጫም አብሮ ይለካ፤ ግንበኞቹ ቂብላን እንዴት እንደያዙ የሚመሰክረው እርሱ ነውና።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በዚሁ መሣሪያ መዝግቧቸዋል። የፓሪሱ ኖትርዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲቃጠል አንድሩ ታለን አስቀድሞ የወሰደው የሌዘር ልኬት ነበር። የአል ነጃሺ መስጂድ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነት መጎዳቱ አደጋው ከእኛም እንደማይርቅ አሳይቷል።

መሣሪያው የማይዘው አለ፦ ምሰሶው ጽድ ይሁን ወይራ፣ ከየት ጫካ እንደመጣ፣ ሐድራው በየትኛው ጥግ ይደረግ እንደነበር። ይህን የሚነግሩን ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ኢማሙን አስፈቅደን በሶላቶች መካከል ስንለካ አጠገባችን ቢቀመጡ ሥራው ይሞላል።